ነጭ ለብሶ ማዘን

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ሦስት ዓመት ከል ለበሰች። አንዱ ዓመት ወግ ነው፤ ማንም ምንም አላለም። በሙት ዓመቱ ተዝካር ማግስት የንስሐ አባቷ ራሳቸው ደውለው "አሁን ይበቃል፣ አውልቂው" ሲሏት "እሺ አባ" አለቻቸው። ስልኩን ዘግታ ያንኑ ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች ምስሯን መልቀም ቀጠለች። በሁለተኛው ዓመት ዘመድ ተራ በተራ መከራት። በሦስተኛው ሰው ሁሉ ተስፋ ቆረጠና ተዋት። እኔ ግን አልተውኳትም።

የምንኖርባት፣ ዳላስ አጠገብ ያለችው ካሮልተን ውስጥ በነሐሴ ጥቁር ለብሶ መውጣት ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው። እናቴ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ደም ግፊትም አለባት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገበያ ወስጃት ስንወጣ፣ ከመደብሩ በር እስከ መኪናው ያለችውን ሃምሳ እርምጃ መጨረስ አቅቷት አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗ ተገለበጠብኝ። እንዴት እንደነዳሁ ሳላውቅ ድንገተኛ ክፍል አደረስኳት። ነርሷ የቀሚሱን ውፍረት በእጇ እየለካች "ሃይማኖታችሁ ያስገድዳል?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሃይማኖታችን አያስገድድም፤ የሚያስገድዳት ግትርነቷ ነው" አልኳት። እናቴ እንግሊዝኛው ባይገባትም እየታማች መሆኗ ገብቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔም የእሷው ልጅ ነኝ፤ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ወሰንኩ። የሚቀጥለው ዓመት ሙቀት ሳይመጣ ይህን ጥቁር ልብስ አስወልቃታለሁ። እንዴት እንደማስወልቃት ገና አላወቅኩም ነበር።

ይበልጥ ያንገበገበኝ እናቴ ቀድሞ ማን እንደነበረች ማወቄ ነው። እናቴ ሠላሳ ዓመት ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሸጣለች። የበላነውም የተማርነውም ከነጭ ጨርቅ በተገኘ ገንዘብ ነው። ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ የእጅ ፈትል ይሁን የፋብሪካ ክር፣ አንዴ የታጠበ ይሁን ገና ከሸማኔው የወጣ፣ ዓይኗን ሌላ ደንበኛ ላይ ጥላ ትናገር ነበር። "ነጭ ስጪኝ" ያለቻትን ሴት ሁሉ "የቱን ነጭ?" ብላ ግራ ታጋባት ነበር። እንዲህ ያለች ሰው ከፖሊስተር በተሰፋ ጥቁር ቀሚስ ውስጥ ተቀብራ ማየት አቃተኝ።

የምሠራው ዳላስ ውስጥ ባለ አንድ ሙዚየም ነው፤ ጥበቃ ነኝ። ሥራዬ መቆም ነው። ቆሜ "እባክዎ አይንኩ" እላለሁ፣ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ አሳያለሁ። እናቴ ከወደቀች ከጥቂት ወራት በኋላ የድሮ የፈረንሳይ ልብስና የቤት ዕቃ ኤግዚቢሽን መጣና ከክፍሎቹ ሁሉ ነጭ የበዛበት ክፍል ለእኔ ደረሰኝ። ከመስታወት ጀርባ ከወገባቸው በታች እንደ ድንኳን የተነፉ ነጭ የሐር ቀሚሶች ቆመዋል። ስስ ዳንቴል አለ፤ ትንፋሽ የሚበትነው ይመስላል። ግድግዳው ነጭ የተቀባ እንጨት ሆኖ ጠርዝ ጠርዙ በወርቅ ቀለም ተከቧል። የእሳት ማንደጃው ነጭ እብነ በረድ፣ የአልጋው መጋረጃም ነጭ ነው። የዘመኑ ሰዎች ፀጉራቸውን እንኳ በዱቄት ያነጡት ነበር አሉ።

ስምንት ሰዓት አንድ ቦታ የሚቆም ሰው የግድግዳውን ጽሑፍ በቃሉ ይይዛል። እኔም ያዝኩ። የገረመኝ፣ ጽሑፉ አንድም ቦታ "ነጭ ነው" ብሎ አለማለፉ ነው። አንዱ ቀሚስ የዝሆን ጥርስ ነው፣ ሌላው ወተት፣ ሌላው ኖራ፣ ሌላው ሉል። የአልጋው መጋረጃማ ጭራሽ "የተሰበረ ነጭ" ተብሏል፤ ፈረንሳዮቹ ጥርት ያላለውን ነጭ የሚጠሩት እንደዚያ ነው አለችኝ አስጎብኚዋ። ይህን የጻፈው ሰውና እናቴ ቢገናኙ ቀኑን ሙሉ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር ብዬ አሰብኩ። መንገዱም ያን ጊዜ ታየኝ።

በዚያው ሳምንት ፎቶ አንስቼ ቤት ገባሁና ስልኬን ከፊቷ አስቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ይኼን ቀለም በአማርኛ ምን ልበለው? ሥራ ቦታ ፈልገውት ነው።" ውሸቴን ነው፤ ማንም አልፈለገውም።

"ነጭ ነዋ" አለች ቀና ሳትል።

"ይኼኛውስ?"

"እሱም ነጭ።"

"ሶ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው ማለት ነው?"

መነጽሯን አደረገች። እዚያ ላይ እንዳሸነፍኩ ቆጠርኩት። "ማነው አንድ ናቸው ያለሽ?" አለች። "ይኼ ቡላ ነው። ያኛው ጥሩ ነጭ ነበረ፣ ግን ወይቧል። ሲያስቀምጡት ሳሙናውን በደንብ አላስለቀቁትም።"

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ በየቀኑ ሁለት ሦስት ፎቶ አመጣለሁ፤ እሷ ስም ታወጣለች፣ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። የሐሩን ቀሚስ አጓት አለችው። ዳንቴሉ ገና የተነደፈ ጥጥ ሆነ። የእንጨቱን ግድግዳ "ማኛ ነው፣ ግን ሰርገኛ ገብቶበታል" አለችና ከጤፍ ተነስታ ፈረስ ላይ ደረሰች፤ አልጋውን አምባላይ ፈረስ አስመሰለችው። ኖራ የተባለውን ቀሚስ ግን አልተቀበለችም። "ኖራ ዓይን ይወጋል፤ ይኼ መች ይወጋል? የጻፈው ሰው ኖራ አይቶ አያውቅም" አለች። እኔም በማግስቱ ቀሚሱ ፊት ቆሜ አየሁት፤ እውነትም አይወጋም።

አንድ ቀን የአንዲት ንግሥት ሥዕል አሳየኋት። ንግሥቲቱ ቀለል ያለ ነጭ የጥጥ ቀሚስ ለብሳ ወገቧን በመቀነት አስራለች። በጽሑፉ መሠረት በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ "ንግሥታችን በውስጥ ልብሷ ተሳለች" ብሎ ጉድ ብሏል። እናቴ ስልኩን አስጠጋችው፣ አራቀችው።

"ታዲያ ምን ሆነች? ቅዳሴ የምትሄድ ነው የምትመስለው።"

"ለነሱ የውስጥ ልብስ ነዋ።"

"ሽሮ ሜዳ መጥተው ቢያዩንማ አገሩ በሙሉ ራቁቱን ነው ሊሉ ነው!" አለችና ሳቀች። በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬም አስቸኮለኝ።

ወዲያው ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩና ካላት ሁሉ የሚበልጠውን ነጭ ቀሚስ አወጣሁ። አንድ ሠርግ ላይ አንዴ ብቻ የለበሰችው ነው። "ይኼስ? ይኼ የቱ ነጭ ነው?" አልኳት እየሳቅኩ። የእሷ ሳቅ ከፊቷ ጠፋ። "መልሺው" አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶ ሳመጣላት መነጽሯን ማድረግ ተወች።

ስለዚያ ቀሚስ መናገር አለብኝ። አባቴ የሞተው አዲስ አበባ ነው። እናቴ እኔ ዘንድ ነበረች፤ የእሱ ወረቀት እስኪያልቅ እየጠበቅን ነበር። በድንገት ማክሰኞ ዕለት ሞተ። ወንድሜ ሥራ ላይ ሳለሁ ደውሎ ነገረኝ። እኔም እንደ ወጋችን መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ሳይሆን እዚሁ ቅርብ ሜስኪት የምትባል ከተማ ላለው አጎቴ ነው። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው። አጎቴ ትንሽ አሰበና "አሁን ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ሳተርደይ ካልሆነ ማን ኦፍ አለው?" አለኝ። ቅዳሜ ደግሞ ቤድፎርድ ውስጥ የዘመድ ሠርግ ነበረ። በሠርግ ቀን መርዶ የለም። ስለዚህ ለተከታዩ ቅዳሜ ተባለ። ከማክሰኞ እስከዚያ ቅዳሜ አሥራ አንድ ቀን ነው።

በእነዚያ ቀናት እናቴ "ለምንድነው የማይደውልልኝ?" ስትለኝ "ኔትወርኩ ተበላሽቶ ነው" አልኳት። ከሠርጉ ብትቀር ትጠረጥራለች ተባለ። ስለዚህ ያን ነጭ ቀሚስ ተኮስኩላት፣ አለበስኳት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላት። ሙሽሮቹ አዳራሹ ሲገቡ ከሴቶቹ ሁሉ ቀድማ እልል አለች፤ መሃል ገብታም እስክስታ መታች። አባቴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ከጎን ቆሜ አጨበጨብኩላት።

መርዶው የተነገራት ጠዋት ጮኸች፣ ደረቷን ደቃች። ስለ ሠርጉ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም። በኋላም አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁም። ጥፋት ካለ የአጎቴ ነው፣ የወጉ ነው፣ በሥራ ቀን ሰው የማይገኝበት የዚህ አገር ኑሮ ነው እያልኩ ራሴን አሳምኜ ኖርኩ። ስለዚህ "መልሺው" ስትለኝ ምክንያቱ አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር እንዲገባኝም አልፈለግኩም።

አኩርፋም ቢሆን አላቆምኩም። በምጠብቀው ክፍል ጥግ ላይ ብዙ ልብ ያላልኳት አንዲት ትንሽ ሥዕል ነበረች፤ በዘመን ከሌሎቹ ሁሉ ትቀድማለች። ነጭ መሸፈኛ እስከ አገጯ የጠመጠመች ሴት ናት። አንድ ቀን ጎብኚ ሲጠፋ ጽሑፉን ጠጋ ብዬ አነበብኩት። ሴትየዋ ባሏ የሞተባት ንግሥት ናት፤ በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ንግሥቶች የሚያዝኑት በነጭ ነበር ይላል። ሥራ ላይ ባልሆን እልል እል ነበር። ንግሥቶች በነጭ ካዘኑ እናቴ ምን ትመልሳለች?

በእረፍት ቀኔ "ስሞቹን ያወጣሽላቸውን ልብሶች ነይና በዓይንሽ እያቸው" ብዬ ወተወትኳት። እንቢ ስትል፣ ስወተውት፣ በመጨረሻ እኔን ለመገላገል ተነሳች። ባቡር ስለምትወድ በባቡር ሄድን። ክፍሉ ውስጥ እንደገባች አካሄዷ ተለወጠ፤ ሱቋ ውስጥ ያለች ይመስል ከአንዱ ቀሚስ ወደ ሌላው በዝግታ ተዘዋወረች። ጣቶቿን እያሻሸች ወደ ወንበሩ ጨርቅ ስትጠጋ ክንዷን ያዝኳት። "አትንኪ እማዬ፣ ከሥራ ታስባርሪኛለሽ" አልኳት። "ሳይነካ ምኑ ይታወቃል?" ብላ ገላመጠችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ወንበር አመጣላትና እዚያች ትንሽ ሥዕል ፊት አስቀመጥኳት። እኔም ለብዙ ቀን የተለማመድኩትን ንግግር ጀመርኩ።

"አየሻት? ንግሥት ናት። ባሏ ሞቶባት ነው። በዚያ ዘመን ንግሥቶቹ ሲያዝኑ ነጭ ነበር የሚለብሱት። ነጭ ለብሶም ማዘን ይቻላል እማዬ። ማንም አባቴን ረሳሽው አይልሽም።"

ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አየችው።

"መቼ ነገሯት?" አለች።

"ምኑን?"

"ባሏ መሞቱን። መቼ ነው የነገሯት?"

"እኔ እንጃ። ጽሑፉ አይልም።"

"ይኼን ነጭ ስትለብስ ታውቅ ነበር" አለች። "እኔ አላውቅም ነበር። አንቺ ግን ታውቂ ነበር። ቀሚሴን የተኮስሽው አንቺ ነሽ፣ ያለበስሽኝም አንቺ ነሽ። ባሌን አፈር አልብሰውት እኔ እልል ስል ከጎኔ ቆመሽ አጨበጨብሽልኝ።"

ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"ለአባትሽ አንድ ዓመት ይበቃው ነበር" አለች። "ሁለቱን ዓመት የለበስኩት ለአንቺ ነው። በየቀኑ እንድታዪው ብዬ ነው።"

በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው "እባክዎ ይራቁ" ብያለሁ። ያን ቀን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ የእናቴን ጉልበት ሳምኩ። ጥፋተኛ ብዬ አጎቴን ልጠራ ነበር፤ ወጉን፣ ቅዳሜን ልጠራ ነበር፤ ሁሉም አፌ ላይ ነበሩ። ዋጥኳቸው። "አጠፋሁ" አልኳት። "ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ። በዚያችው ሰዓት መጥቼ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ፈራሁ።" አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። "ተነሺ፣ ሰው እያየ ነው" አለችኝ፤ ግን እጇን ራሴ ላይ አሳርፋ ትንሽ አቆየችው።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ከእንግዲህ የእኔ ሰው ሲሞት እንደሰማሽ ንገሪኝ" አለች በመስኮቱ እያየች።

"እሺ።"

"በሥራ ቀንም ቢሆን።"

"እሺ እማዬ።"

"ብቻሽንም ብትሆኚ። እኔ ሽማግሌ ስላልተሰበሰበ አልሞትም።"

ከዚያ በኋላ ጥቁሩን አውልቂ ብዬ አልጠየቅኳትም። ለእኔ ዓይነት ሰው ከዚህ የከበደ ሥራ የለም። ምላሴን ነክሼ ወራት አሳለፍኩ፤ ኤግዚቢሽኑም ተጠቃልሎ ሄደ። በሚያዝያ አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ነጭ የጥጥ የቤት ቀሚስ ለብሳ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት። ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እንዳላየ ሰው ሻዬን ቀዳሁ። "የማሽን ነው" አለች ራሷ፣ ዞር ሳትል። "ክሩ የማይረባ ነው። ግን ነጭ ነው።" ሻዬን ይዤ መኝታ ቤቴ ገባሁና ድምፄን አጥፍቼ አለቀስኩ።

በሰኔ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሥራ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ወንድሜ ደወለ። የእናቴ ታናሽ እህት አዲስ አበባ ሞታለች። "እስካሁን አልነገርሻትም አይደል? እንዳትነግሪያት፣ ዘመድ ይሰብሰብ" አለኝ። እሱን ዘግቼ ቁጭ ሳልል አጎቴ ከሜስኪት ደወለ።

"እናትሽ ደካማ ናት፣ ልቧን ታቆሚዋለሽ። ሳተርደይ ጠዋት ሁላችንም እንመጣለን፣ ኦኬ? እስከዚያ ቻል አድርጊው።"

"አይሆንም" አልኩት። "ዛሬ ነው የምነግራት። የምትመጡ ከሆነ ዛሬ ኑ።"

"ልጄ፣ ሰው ሥራ ላይ ነው እኮ!"

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ" ብዬ ዘጋሁት። አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ እውነት ልቧ ቢቆምስ እያልኩ ነዳሁ። ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ልቆም አሰብኩ፤ አልቆምኩም። በሩን ስከፍት ያን ነጭ የቤት ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ልብስ ታጥፋለች። በዚያ ሰዓት ስታየኝ ፊቷ ተለወጠ። ከጎኗ ተቀምጬ ሁለት እጇን ያዝኩ።

"እማዬ፣ እህትሽ ሞተች። ዛሬ ጠዋት ነው። እኔም የሰማሁት አሁን ነው።"

ጩኸቷ እስከ ፓርኪንጉ ተሰማ፤ ጎረቤታችን ደንግጣ በር አንኳኳች። እናቴ ደረቷን እየደቃች፣ የእህቷን የልጅነት ነገር እያነሳች፣ በሙሾ እየጠራቻት አለቀሰች። አቅፌያት አብሬያት አለቀስኩ። የፈራሁት ልቧ አልቆመም። ሲበርድላት ነጠላዋን አንስታ፣ ጥለቱን እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰችና ጀርባዋን ቀና አድርጋ ተቀመጠች።

አመሻሹ ላይ አጎቴና ሚስቱ ከሥራቸው ቀጥታ መጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። የአጎቴ ሚስት አልቅሳ ከጨረሰች በኋላ ከፌስታል ውስጥ የታጠፈ ጥቁር ቀሚስ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

"እትዬ፣ ይኼን ይልበሱ። ከየትም እንዳይፈልጉ ብዬ ይዤ መጣሁ።"

እናቴ ቀሚሱን አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ዛሬ የሞተችብኝን ዛሬ አልቅሼላታለሁ" አለቻት። "ጥቁሩን መልሰሽ ውሰጂው።"